ድቡልቡሉ ሥር እስኪያወጣ

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ይድረስ ለጋሼ፣ ለወንድሜ፤

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ይሄ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው፣ አንተ ከጻፍክልን አምስት ወር አለፈ፣ መርከባችሁ የት ነው ያለው? ጥፋቴን ልንገርህ፣ ትቆጣና ትጽፍልኝ ይሆናል።

ድቡልቡሉ ቁልቋልህ ታመመ። ስትሄድ «በወር አንዴ ብቻ አጠጪው፣ ጥም አይገድለውም፣ የሚገድለው ውሃ ነው» ብለኸኝ ነበር፣ ሰምቼሃለሁ እኮ! ግን ፖስተኛው ባለፈን ቁጥር ምን ላድርግ፣ አንድ ስኒ ውሃ አፈስበታለሁ፣ አንተን ያጠጣሁህ ይመስለኛል። ለካ እማዬም ዓይኗ ደክሞ እንኳ አፈሩን እየዳሰሰች በጎን ታጠጣዋለች! ከላይ አረንጓዴ ነው፣ እሾሁም ቀጥ እንዳለ ነው፣ ቅዳሜ ላዞረው ስነካው ታቹ እንደበሰበሰ ድንች እጄ ላይ ሟሟ።

ይዤው አበባ ሻጯ ጋ ሮጥኩ። «አንቺ ልጅ፣ ዳክዬ ነው እንዴ የምታረቢው?» ብላ ሳቀችብኝ፣ ፊቴን ስታየው ተወችው። የበሰበሰውን በቢላ ቆርጣ ጣለችና «ጋዜጣ ላይ አድርገሽ ጥላ ውስጥ አስቀምጪው፣ ቁስሉ ይድረቅ፣ ጠብታ ውሃ እንዳታሳዪው። መኖር ከፈለገ ሥር ያወጣል» አለችኝ። «ካልፈለገስ?» ስላት ወደ ሌላ ገዢ ዞረች።

ቁምሳጥን ላይ ደበቅኩት። እማዬን «ጸሐይ ያገኛል ብዬ ጎረቤት ወሰድኩት» አልኳት።

ጋሼ፣ ትናንት አብሮህ መርከቡ ላይ ያለውን የባልደረባህን ሚስት መንገድ ላይ አገኘኋት። «ለኔም ከጻፈልኝ አምስት ወሩ» ብላኝ ቻው ሳትለኝ ሄደች። ይሄን ለእማዬ አልነገርኳትም፣ በምን አፌ?

አሁን ስጽፍ እማዬ መጣች። መስኮቱ ጋ ቆማ የቁልቋሉ ጣሳ የተወውን የዝገት ክብ በጣቷ እየዳበሰች «መበስበሱን ካወቅኩ ሰነበትኩ። ለሱ ግን ደህና ነው በይልኝ፣ ባህር ላይ ሆኖ እንዳይከፋው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ግን ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም። ተቆጣኝ። ስድብም ቢሆን ጻፍ፣ ባዶ ፖስታም ቢሆን ላክ፣ እማዬ በጣቷ ታውቀዋለች።

ያለህበትን የሚያውቅ አምላክ ከውሃው በላይ ያቆይህ፣ ብላሃለች እማዬ።

እህትህ ሚጢጢ

ደብዳቤውን ሳላሽግ ወንበር ላይ ወጥቼ ቁልቋሉን አየሁት። ሥር የለውም። ግን አረንጓዴ ነው ጋሼ፣ ከላይ አረንጓዴ ነው።