ስማቸው ሦስት ጊዜ ተጠርቶ «አልተገኙም» ስለተባሉት ስለ ወይዘሮ ሎርና ፒንክሃም

ከቶርንዴል መራጮች ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

«የቶርንዴል ከተማ ጥያቄ አቅራቢ ወይዘሮ ሎርና ፒንክሃም ማርች 11 ቀን በተደረገው ስብሰባ ስማቸው ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አልተገኙም። ሕዝቡ ለውጡን ስለመፈለጉ በቂ ማስረጃ ባለመቅረቡ ጥያቄው ለተጨማሪ ጥናት እንዲቆይ ተወስኗል።»

ይህ የግዛታችን ምክር ቤት የምርጫ ጉዳዮች ኮሚቴ ማርች 14 ቀን 2024 ለራሳቸው ለወይዘሮ ሎርና ከጻፈው ደብዳቤ ቃል በቃል የተወሰደ ነው። ወይዘሮ ሎርና በሰባ አራት ዓመታቸው ያረፉት ማርች 6 ቀን ነው። ስማቸው በተጠራበት ሰዓት እየተቀበሩ ነበር። ማኅበራችን ዕረፍታቸውን ማርች 7 ቀን በጽሑፍ አስታውቆ ስብሰባው ወደ ሌላ ቀን እንዲዛወር ጠይቋል፤ ኮሚቴው ደብዳቤውን ስለመቀበሉ የፈረመበት ወረቀት በእጃችን አለ።

በመሥራቻችን ሞት የተሰማንን ጥልቅ ሀዘን ለአባላትና ለከተማው ነዋሪዎች የምንገልጸው ይህን ደብዳቤ ከፊታችን አስቀምጠን ነው።

ወይዘሮ ሎርና ከ1990 እስከ 2018 የከተማው ጸሐፊ ሆነው አገልግለዋል። በእነዚህ ዓመታት እርሳቸው ያስቆጠሩት ድምፅ አንድም ጊዜ ስሕተት አልተገኘበትም።

ሜይ 2016። ለከተማው ቦርድ አንድ መቀመጫ ሦስት ሰዎች ተወዳደሩ። ሁለቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን እንዳይዘጋ ቃል ገብተው 412 እና 398 ድምፅ አገኙ። ይዘጋ ያሉት ሦስተኛው በ431 ድምፅ አሸነፉ። ከሁለቱ አንዳቸውም ለሌላው ቦታ አልለቀቁም፤ አንደኛው ዛሬ የዚህ ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ወይዘሮ ሎርና ውጤቱን አረጋግጠው ፈረሙ። ቆጠራው ትክክል፣ ፊርማው ሕጋዊ ነበር። በዓመቱ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።

የምንመርጠው ግን ዛሬም በዚያው ትምህርት ቤት ጂምናዚየም ውስጥ ነው። ኮሪደሩ ላይ የልጆቹ ካፖርት መስቀያዎች ከነስማቸው አሉ። ስሞቹ እንዲፋቁ ሁለት ጊዜ ትእዛዝ ሲወጣ ወይዘሮ ሎርና ሁለቱንም ጊዜ ሳይፈጽሙት ቀሩ። በሥራ ዘመናቸው ያልፈጸሙት ትእዛዝ ይህ ብቻ ነው።

ሜይ 2019። ጡረታ ከወጡ በኋላ ማኅበራችንን መሥርተው ነዋሪው ሁሉ ድምፅ ለሚሰጥበት ለከተማው ጉባኤ አዲስ አሠራር አቀረቡ። መራጩ እጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ይወጣና የእርሱ ድምፆች ወደየሁለተኛ ምርጫቸው ይዛወራሉ። የጉባኤው ቃለ ጉባኤ ከጀልባ ጠጋኙ ከአቶ ዴልበርት ፍሮስት ጋር የተመላለሱትን እንዲህ መዝግቦታል፦

«ሎርና፣ አንዱን መምረጥ አቅቶኝ የምሰቃየውን ሰው ሦስት ምረጥ ትይኛለሽ?»

«ሚስትህ ሱቅ ስትልክህ "የስንዴ ዳቦ ከሌለ የአጃውን አምጣ" ትልህ የለ? ያው ነው።»

«እሷማ ትለኛለች። እኔ ባዶ እጄን ነው የምመለሰው።»

«ለዚህ ነዋ በወረቀት የምንጽፍልህ፣ ዴልበርት።»

ጉባኤው 217 ለ64 አጸደቀ። በተቃውሞ የጀመሩት አቶ ፍሮስትም ደግፈው ድምፅ ሰጡ።

ከተማችን ግን ያለ ግዛቱ ፈቃድ የራሱን የምርጫ አሠራር መለወጥ አይችልም። ጥያቄው ወደ ምክር ቤቱ ተላከ፤ «ለጥናት» ተብሎ ለድምፅ ሳይቀርብ በምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ማብቂያ ሞተ። በ2021 ጉባኤው 240 ለ51 ደግሞ አጸደቀ፤ እንደገና ለጥናት ተላከ፣ እንደገና ሞተ። በ2023 ለሦስተኛ ጊዜ 266 ለ38 አጸደቀ፤ ኮሚቴው ማርች 11 ቀን የተሰበሰበበት ጥያቄ ይህ ነው። ለጥናት ከተላከ ጥያቄ ተጠንቶ የተመለሰ እስካሁን አላየንም። ሕዝቡ መፈለጉን የሚያሳይ ማስረጃ አልቀረበም ለተባለው፣ የሦስቱም ጉባኤዎች ውጤት በወይዘሮ ሎርና እጅ ተጽፎ በኮሚቴው መዝገብ ውስጥ ይገኛል።

ማርች 5 ቀን 2024። ምርጫ ነበር። እንደ ልማዳቸው ቀድመው መጥተው የጂምናዚየሙን መብራት አበሩ፤ ማታ ራሳቸው አጥፍተው ቆለፉ። በማግስቱ ጠዋት አረፉ። ቁልፉ ከካፖርታቸው ኪስ ተገኝቷል።

የኮሚቴውን ስብሰባ የድምፅ ቅጂ አስመጥተን ሰምተናል። ስማቸው ይጠራል። እንደገና ይጠራል። በሦስተኛው ላይ ወንበር ሲሳብ ይሰማል፤ ማን እንደተነሣ አናውቅም። ከዚያ አንድ ሰው «አልተገኙም» ይላል። ከአባሎቻችን ይህን ሁለተኛ ጊዜ ለመስማት የፈቀደ የለም።

ለእህታቸው ለወይዘሮ ኢዲት ፒንክሃም፣ ለቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ኮሪደሩ ላይ ስማቸው ለቀረው ልጆች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

ከኮሚቴው የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። «አልተገኙም» የሚለው ቃል ከመዝገብ ተሰርዞ «አርፈዋል» ተብሎ ይጻፍ። ጥያቄው የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ጁላይ 31 ከማብቃቱ በፊት ለድምፅ ይቅረብ፤ ይህ ካልሆነ ግን ጥያቄውን የገደለው ሰው ስም ይነገረን። መልሱ በጽሑፍ፣ ኃላፊነት ባለው ሰው ፊርማ፣ እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 2024 ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ይድረሰን። የሚጻፈውም ለማኅበራችን ይሁን፤ በወይዘሮ ሎርና ስም ዳግመኛ ደብዳቤ እንዳይላክ።

ዋረን ቲቤትስ
የማኅበሩ ሊቀመንበር
ቶርንዴል፣ ማርች 20 ቀን 2024