የአባባ አፍንጫ እና የሚኖሪ መረቅ

ኦክቶበር 4

ዛሬም ኡዶን፣ ያው መረቅ ውስጥ የሚዋኝ ወፍራም የስንዴ ፓስታ። ዛሬም ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። አባባ መንጃ ፈቃዳቸውን ከመለሱ ወዲህ ሾፌራቸው እኔ ሆኛለሁ። ፊቴን በቅጡ ሳልታጠብ ጭኜያቸው ወደ ጌንዞ ኡዶን ቤት። በዚህ በሳካይዴ ከተማ ቁርሱን ቤቱ የሚበላ አባት ያለው ሰው መቼም አይጠፋም... እኔ አልታደልኩም።

አሁን ቤቱን የያዘችው የጌንዞ ልጅ ሚኖሪ ናት። ጌንዞ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሊጥ በእግር መርገጡንም መረቅ መጣዱንም ለእሷ ትተው ፎቅ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። የየማለዳዋን የመጀመሪያ ሳህን ግን ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚቀምሱት አባባ ናቸው። "ሽጌጂ ምን አለ?" ነው የጌንዞ ጥያቄ፣ አባባን በስማቸው ጠርተው። አሁንም ከፎቅ ሆነው ይጠይቃሉ።

አባባ አንዴ ፉት አሉ። ሳህኑን አስቀመጡት።

"ሚኖሪ፣ ምንድን ነው ይሄ? የዕቃ እጣቢ ነው?"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ኦክቶበር 5

ዛሬ ደግሞ "ውሃ ነው" አሉ። ሶያ ሶሱን ገለበጡበት። ሐኪሙ ጨው ከልክሏቸዋል። ብናገር ማን ይሰማኛል?

ኦክቶበር 11

የሥራ ፈቃድ ወስጄ ሌላ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ድልድዩ ጋ ያለው ቤት፦ "ይሄም ያው ነው።" ጣቢያው ጀርባ ያለው፦ "ይሄስ ይባስ።" ሁለት ቤት፣ ሁለት ይቅርታ። ሳጎነብስ ወገቤ ሊቆረጥ።

መኪና ውስጥ አላስችል አለኝ።

"ያገሩ ኡዶን ባንድ ጊዜ ተበላሸ ነው የሚሉኝ?"

"ዘመኑ ነው።"

"ዘመኑ ምን አደረገ?"

"ዓሣውም እንደ ድሮው አይደለም። አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ከልጅነትሽ ጀምሮ ሳታጣጥሚ ነው የምትውጪው።"

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው! ሃምሳ ሁለት!

ኦክቶበር 19

ሚኖሪ በጓሮ በር ጠራችኝ። ዓይኗ አብጧል።

"እትዬ ሱሚኤ፣ አትደብቂኝ። መረቁ ምን ጎድሎት ነው?"

እኔ ምን አውቄ... ምንም አልጎደለውም አልኳት። አላመነችኝም።

"ጋሽ ሽጌጂ ውሃ ነው ካሉ ውሃ ነው። አባቴም የሚለው እንደዚያው ነው።"

መረቁ የሚወጣባቸውን የደረቁ ትናንሽ ዓሦች እጥፍ አድርጋ ነው የምትቀቅለው። ሳምንት ቆይታ ደግሞ ጨመረች። አሁን የወደቡ ሠራተኞች መራራ ነው እያሉ ሳይጨርሱ ይወጣሉ። ሰው ተሰልፎ የሚጠብቅበት ቤት ዛሬ ከእኛ ሌላ ሦስት ሰው ብቻ ነበረው። ቆጠርኩ።

መኪና ውስጥ ጮህኩባቸው። "የልጅቷን ቤት ሊያስዘጉ ነው!"

"እውነት መናገር ነውር ሆነ?" አሉኝ። በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ።

ኦክቶበር 27



ጧት ወተት ቀድቼ ወደ አፌ ሳስጠጋ ሽታው አጥወለወለኝ። ተበላሽቷል። ሮጬ ደፋሁት። ዘወር ስል... የአባባ ብርጭቆ ባዶ።

"ጠጡት?"

"ምን ሆነ?"

ከዚያ ከመደርደሪያው የደረቅ ዓሣውን ከረጢት አወረድኩ።

"ዓይንዎን ይጨፍኑ።"

"ሕፃን ነኝ እንዴ?"

"ይጨፍኑ አልኩ!"

ከረጢቱን ከፍቼ አፍንጫቸው ሥር ያዝኩት። ያ ሽታ፣ ጎረቤት የሚጠራ ሽታ። አባባ ሳቡ። ደግመው ሳቡ።

"...ሻይ ቅጠል?"

ቁጭ አልኩ። እሳቸውም ዓይናቸውን ገለጡ፣ ከረጢቱን አዩት፣ ወደ ጠረጴዛው አቀረቀሩ።

"ከኦገስት ጀምሮ ነው" አሉ። "ያኔ የያዘኝ ጉንፋን ቀስ በቀስ ማሽተቴን ይዞት ሄደ።"

"እያወቁ ነው? እያወቁ ነው ያቺን ልጅ ያሰቃዩአት?"

"መጀመሪያ አላወቅሁም። በኋላ አወቅሁ። ሳውቅ ደግሞ ለመናገር መሸብኝ።"

"ምኑ ነው የሚመሸው?"

"ሱሚኤ፣ እኔ ምን አለኝ? አርባ ዓመት የመርከብ ሞተር ስጠግን ስሜን የጠራ ሰው የለም። እዚያ ቤት ብቻ ነው ሽጌጂ ምን አለ የሚባለው።"

አዘንኩላቸው? አዎ። ተናደድኩ? እሱ ይበልጣል። በራሴም ጭምር። ሦስት ቤት ወስጄያቸው፣ ሦስቱንም ውሃ ነው ሲሉኝ... ምን ነክቶኝ ነው ያልገባኝ?

ኦክቶበር 30

ሐኪም ቤት። ጣዕም የምንለው አብዛኛው በአፍንጫ ነው አለ ዶክተሩ። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። አባባ ሐኪሙን ምሳ የት እንደሚበላ ጠየቁት። ሲነግራቸው "እዚያ ቤት ሊጡን በማሽን ነው የሚዳምጡት" ብለው ናቁት። እግዜር ያሳያችሁ!

ኖቬምበር 2

ትናንት ማታ ቁርጡን ነገርኳቸው። ወይ እርስዎ ይነግሯታል፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ። ጧት ስነሳ ጥቁሩን የለቅሶ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከረባት አስረው በር ላይ ቆመዋል።

ኡዶን ቤቱ ደርሰንም አልተቀመጡም። ሚኖሪ የመጀመሪያዋን ሳህን ስትዘረጋላቸው አልተቀበሉም። ሁለት የወደብ ሠራተኞች እየበሉ ነበር።

"ሚኖሪ። መረቅሽ ምንም አልሆነም። የሞተው የእኔ አፍንጫ ነው።"

ጭልፋዋ አየር ላይ ቀረች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከኦገስት።"

"ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ፊቷ ነጭ ሆነ።

"ድስት ስደፋ ድስት ስጥድ... አባቴ እጅሽ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም አለኝ። በእርስዎ ቃል! በእርስዎ ቃል ነው ያለኝ!" ሳህኑን መለሰችው። "ይውጡልኝ።"

አባባ እስከ ወገባቸው አጎነበሱ። ረጅም ጊዜ። ከዚያ ወጣን። መኪና ውስጥ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። የምለው ብዙ ነበረኝ። ሞተሩን አስነሳሁ።

ኖቬምበር 6

ቤት ውስጥ ሩዝ ይበላሉ። ያቀረብኩትን ሁሉ። ያለ አንዲት ቃል። ይሄ ደግሞ ከስድቡ ይብሳል።

ኖቬምበር 9

ከሥራ ስመለስ የሉም። ብስክሌቴም የለም። በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው! ጉልበታቸው ተልጦ መጡ።

"የት ሄደው ነው?"

"ጌንዞ ጋ። ፎቅ ወጥቼ ነገርኩት። የልጅህ እጅ ጤነኛ ነው አልኩት።"

"እሳቸውስ ምን አሉ?"

"ሰደበኝ። ደግ አደረገ።"

ቁስላቸውን ሳጥብ "ቀስ በይ እንጂ፣ ምጣድ ነው የምትፈትጊው?" አሉኝ። ተመስገን። አፋቸው ተመለሰ።

ኖቬምበር 17

ሚኖሪ ቢሮ ደወለችልኝ። ድምጿ ኮስተር ያለ።

"መረቁን ወደ ድሮው መልሼዋለሁ። ሰዎቹም እየተመለሱ ነው። አባቴ ሽጌጂ ይምጣ እያለ ስለነዘነዘኝ ነው እንጂ... ነገ ይምጡ። ስለ መረቁ ግን አንዲት ቃል አይናገሩም! ይቅር አላልኳቸውም፣ ንገሪልኝ።"

ነገርኳቸው። አሁን በዚህ ሰዓት ኮታቸውን እየቦረሹ ነው።

ኖቬምበር 18

ከመከፈቱ በፊት ገባን። ሚኖሪ ሳህኑን ሳታያቸው አስቀመጠች። አባባ ኡዶኑን ሳቡት፣ አላላመጡም፣ እንደ ልማዳቸው ለጉሮሯቸው ለቀቁት። ከዚያ አላስቻላቸውም።

"ስለ መረቁ አልተናገርኩም። ሊጡ ግን ዛሬ አላረፈም።"

አለቀልን አልኩ በልቤ። ሚኖሪ ዞር አለች። ጆሮዋ ቀልቷል።

"...ቸኩዬ ከማረፊያ ጊዜው ሃያ ደቂቃ ቀንሼበታለሁ። በምን አወቁ?"

"ጉሮሮዬ አልሞተም።"

አባባ ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት።

"ቅመሺና ንገሪኝ። መረቁ እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው።"

"ጥሩ! ይሄ መልስ ነው? መጀመሪያ ምን ይመጣል? ከዋጥሽው በኋላስ ምን ይቀራል?"

ሚኖሪን አየኋት፣ እንድታድነኝ። ጭልፋዋን ይዛ እሷም መልሴን ትጠብቃለች! ነገረኞች። ሥራ ይረፍድብኛል። ግን ምን ላድርግ... ሳህኑን አነሳሁ፣ በቀስታ ጠጣሁ። ስንት ዓመቴ ነው እንደዚህ ከጠጣሁ?

"መጀመሪያ ዓሣው ይመጣል። ከዚያ ጭስ የመሰለ ነገር... ትንሽ። ከዋጥኩት በኋላ ጣፋጭ ነገር ይቀራል፣ ምላሴ ጎን ላይ።"

"በየት በኩል?"

"ኧረ እባክዎ አባባ!"

"በየት በኩል?"

ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አፋቸው በትንሹ ይንቀሳቀሳል፣ የሚፈልገው ነገር የጠፋበት ሰው ይመስል።

"በግራ በኩል" አልኩ።

ባዶ አፋቸውን ቀስ ብለው ዋጡ።

"አዎ" አሉ። "እሱ ነው።"