ባለቤቴ በሕይወት በመመለሱ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ጥር 8 ቀን 1981 ዓ.ም.
ቦሌ

ለተከበሩ ጓድ ረታ
የቀበሌያችን የሴቶች ብድር ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ ጠንካራ ሆኖ ይሰንብት። እኔም ሆንኩ ቤተሰቤ፣ ከመዝገብዎ የተሰረዘው ባለቤቴ ጭምር፣ ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት በየስብሰባው «ሒስ አቅርቡ፣ አትፍሩ» እያሉ ስለሚያደፋፍሩን ነው።

1ኛ. ከሁሉ አስቀድሜ ትዕግሥት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የጭነት መኪና ሹፌር የነበረው ባለቤቴ ገሰሰ በ1970 ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር፣ ከጦሩ የተሰጠኝ መልስ «የገባበት አልታወቀም» የሚል ብቻ ነበር። እኔም ሁለት ሴት ልጆቼን በእጅ መርፌ እየሰፋሁ ማሳደግ ሲያቅተኝ፣ የስፌት መኪና እንዲያበድሩኝ ወደ እርስዎ መጣሁ። «ራሷን ለምትችል ሴት» የተዘጋጀው ቅጽ ግን ከታች የባል ፊርማ ይጠይቅ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በተመላለስኩ ቁጥር «የባልሽን ፊርማ አምጪ፤ ካልሆነ የሞቱን ማስረጃ አምጪ» እያሉ፣ ለጠፋ ሰው የሚሆን ቅጽ እንደሌለዎት በትሕትና አስረዱኝ።

2ኛ. በ1974 ትንሿ ልጄ ደብተር አጥታ ከትምህርት ቤት ስትቀር ግን አልቻልኩም። ሦስት ጎረቤቶቼን ምስክር አድርጌ ገሰሰ ሞቷል ብዬ ፈረምኩ። አብረውን የሚኖሩት እናቱ ወይዘሮ አለም በዚያው ዕለት ጥቁር ለበሱ። «ልጄን በእስክርቢቶ ገደልሽው» አሉኝና ዓመት ሙሉ አላናገሩኝም። መኪናዋ ግን መጣች። በእሷ የተማሪዎች ዩኒፎርም እየሰፋሁ ልጆቼን አስተማርኩ፤ የማንንም እጅ ሳላይ ማደር ምን እንደሆነም አወቅሁ። ይህኛው ምስጋና የእውነት ነውና ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀልብዎ።

3ኛ. ባለፈው ነሐሴ ምርኮኞች ሲለቀቁ ገሰሰ በራችን ላይ ቆመ። ከስቷል፤ የፊት ጥርሶቹ የሉም። እናቱን በጥቁር ልብስ ሲያያቸው ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ «እማዬ፣ ማን ሞቶ ነው?» አላቸው። እሳቸው ወደ እኔ አዩ። እኔ ደግሞ የማየው ሳጣ ወደ ስፌት መኪናዋ አየሁ።

በማግስቱ ይዤው ወደ ቢሮዎ መጣሁ። እጁን ጨብጠው «እንኳን ለአገርህ አበቃህ» ካሉት በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ሰውየውን አይቼዋለሁ፤ መዝገቡ ግን ሞቷል ይላል» አሉኝ። አለ ተብሎ ከተመዘገበ ብድሩ በሐሰት ምስክርነት የተወሰደ ስለሚሆን መኪናዋ እንደምትነጠቅ፣ ምስክሮቼም እንደሚከሰሱ፣ ሞቶ ከቀረ ደግሞ ለሟች መታወቂያ እንደማይሰጥ አብራሩልኝ። መታወቂያ የሌለው ወንድ በዚህ የአፈሳ ጊዜ ከደጅ ቢወጣ ወዴት እንደሚወሰድ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ አሥር ዓመት ታስሮ የመጣው ባሌ አሁን እጓዳዬ ተቀምጦ የዩኒፎርም ቁልፍ ይሰፋል፤ በር በተንኳኳ ቁጥርም ወደ ጓሮ ይገባል። አንድ ቀን ክሩን በጥርሱ ሊበጥስ ሞክሮ ሲያቅተው «እዚያ እንኳ ጠዋት ጠዋት ስሜን ይጠሩ ነበር» አለኝ።

ባለፈው ሰኞ ምስክሮቼን ሰብስቤ አማከርኳቸው፤ ሦስቱም «በእኛ የመጣው ይምጣ፣ ሰውየው ይውጣ» አሉኝ። መኪናዋን በሁለት ወዛደር አሸክሜ ቢሮዎ ድረስ አመጣሁና የገሰሰ ሞት እንዲሰረዝልኝ አመለከትኩ። ጸሐፊዎ ውሉን አገላብጠው፣ የተዋዋለችው ባል የሞተባት ሴት ስለሆነች ባል ካላት ሴት መኪናዋን መረከብ እንደማይችሉ ነገሩኝ። ሞቱ ይሰረዝ ብላቸው ደግሞ ንብረቱ ርክክብ ሳይደረግበት ስረዛው አይታይም አሉኝ። መኪናዋ ኮሪደራችሁ ላይ ቀረች፤ ባለጉዳዮች ዘንቢላቸውን ያስቀምጡባታል። እኔ መሥሪያ የለኝም፤ ባሌ መታወቂያ የለውም፤ ከትምህርት ቤት የተቀበልኩት ካኪ ተቆርጦ ሳይሰፋ ተቀምጧል።

ከመኪናዋና ከባሌ አንዱን ምረጪ ቢሉኝ መርጫለሁ፤ የመረጥኩትን የሚቀበለኝ ሰው እንዲመድቡልኝ ብቻ ጊዜዎን በመሻማቴ እየተሳቀቅሁ እለምናለሁ።

ለባለጉዳይ ያለዎትን ርኅራኄ በየቀኑ ከጓዳዬ ሆኜ የማስብ፣

ምንትዋብ ሽፈራው
በመዝገብዎ የሟች፣ በቤቷ የገሰሰ ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ገሰሰ ይህን ደብዳቤ ሳልለጥፈው አንብቦ፣ ኮሚቴው ሞቱን ለማጽደቅ ስንት ቀን እንደፈጀበት ጠየቀኝ። ጠዋት ገብቼ ከምሳ በፊት ጨርሼ እንደወጣሁ ነገርኩት። መኖሩን ለማጽደቅ አምስት ወር አልፎዎታልና፣ የሚቸግርዎ ከሆነ ሰውየው ራሱ መጥቶ ከፊትዎ ሊተነፍስልዎ ፈቃደኛ ነው፤ መንገድ ላይ እንዳይታፈስ የሚያጅበው ሰው ይላኩልን።