የሸጋው ውሃ

መስከረም 8

ውጫሌ ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ። ብርዱ! አገሬ ሐይቅ ብሆን በዚህ ሰዓት በካናቴራ ነበርኩ። እዚህ ጠዋት ጎማ ስፈታ ብሎኑ እጄ ላይ ይጣበቃል።

ደብተሩ የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሬ ነው። ሒሳቡ ሦስት ገጽ፣ የቀረው ባዶ። እኔም እዚያው ገጽ ላይ ነው ያቆምኩት...

አጎቴ ነው የላከኝ። ባርኔጣው ውስጥ አምባዛ ስለከተትኩበት። ዓሣው ነፍሱ አልወጣም ነበር፣ እሱ ነው ያናደደው። "ሂድ ውጫሌ፣ ሀሚዱ ጋ ጎማ ንፋ። እዚያ ዓሣ የለም" አለኝ።

አያ ሀሚዱ የወልድያ መንገድ ዳር ጎሚስታ ነው። ገና ሳይጨብጠኝ "ስላንተ ሰምቻለሁ። እኔ ጋ የሚነፋው ጎማ ነው፣ ጉራ አይነፋም" አለኝ። እሺ አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ እሺ ብያለሁ። እስከ መቼ ይሆን?

መስከረም 11

የተከራየሁት እማ ሲቲ ግቢ ነው። ሰፋ ያሉ ሴትዮ፣ ሳቃቸው አስፋልት ድረስ ይሰማል። ስኳር አለባቸው። ሙዝ ሲያዩ እጃቸው ብቻውን ይሄዳል፤ ልጃቸው ሙጂባ መንገድ ላይ ትይዘዋለች።

ሙጂባ ጅዳ አራት ዓመት ሠርታ አምና የተመለሰች። መናኸሪያው በር ላይ ድንች ጥብስ ትሸጣለች። ትናንት "ማዘጋጃ ቤት ሚጥሚጣ ከልክሏል፣ ሰምተሻል?" አልኳት፣ ፊቴን አጥቁሬ። ዛሬ ሻዬ ውስጥ ሚጥሚጣ አገኘሁ። እስካሁን ምላሴ የለም።

ይቺን ልጅ መጠንቀቅ ነው።

መስከረም 13

ከሥራ በኋላ ዳገቱን ወጣሁ። አምባሰል ሲዘፍኑ ለምን እየጎተቱ እንደሚያዜሙ ዛሬ ገባኝ። ትንፋሽ የለማ!

አናቱ ላይ ሐይቁ ይታይ እንደሆን ብዬ ነበር። አይታይም። ተራራ፣ ከኋላው ተራራ፣ ከዚያ ኋላ ሌላ ተራራ። ሆዴ ባር ባር አለ ልበል? አልልም... ለማን ነው የምደብቀው? ደብተሩ የራሴ ነው። ባር ባር አለኝ።

መስከረም 18

ጁምዓ ሰግደን ሱቁን አልከፈትንም። ባለፈው ከደረስኩበት አልፌ ሄድኩ። ቋጥኝ ሥር ጠብ ጠብ የምትል ውሃ አገኘሁ። ዙሪያዋ ቀይ፣ ስትቀምሳት ሚስማር የመጥባት ያህል። አንድ ሃይላንድ ሙሉ ቀዳሁ። ለምን? እንጃ። ጠርሙሱ ባዶ ስለነበር።

እማ ሲቲ በር ላይ ቁጭ ብለዋል።

"ምንድን ነው የያዝከው ቀይ ነገር?"

አፌ ተከፈተ። "ከላይ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፣ እማ ሲቲ። አርባ ዓመት ይቺን ውሃ ነው የጠጡት። ስኳራቸው ድራሹ ጠፍቶ አሁን ማር በጭልፋ ነው የሚልሱት።"

"ማን ይባላሉ?"

ስም! ስም አላሰናዳሁም ነበር። "አባ ሸጋው።"

ሸጋው ሐይቅ የቀረው አህያችን ነው።

"አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው" አሉና አንድ ብርጭቆ ሙሉ ጠጡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ሳቄ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቷል። "የኛ አህያ ነው!" ልል አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸ። አያ ሀሚዱ። ከወልድያ የመጣ የግሸን ተሳላሚዎች አውቶቡስ ሁለት ጎማ ፈንድቶበታል፣ ቶሎ ና! ሮጥኩ።

ስመለስ ተኝተዋል። ነገ እነግራቸዋለሁ። ያን ጊዜ ፊታቸውን ማየት አለብኝ።

መስከረም 19

አልነገርኳቸውም። ጠዋት በሬን ስከፍት አራት ሴቶች፣ አራት ጀሪካን። ጎረቤታችን ሀውራ ወገቧን ይዛ፣ "ሽማግሌው ለወገብስ ምን አሉ?"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ልበል? "ለወገብ ጠዋት የተቀዳው ይሻላል" አልኩ። አፌ እኮ እኔን ሳያማክር ነው የሚሠራው።

መስከረም 24

ደንብ አወጣሁላቸው። ሲወጡ ግራ እግር ይቀድማል። ቀድተው እስኪወርዱ ሰላምታ የለም።

ዛሬ ከሱቁ ቆሜ አየሁ። ሰልፍ ሙሉ ሰው በግራ እግሩ ዳገቱን ሲጀምር! ወሎዬን ሰላምታ ከልክሉት እስቲ... "እንዴት አደራችሁ፣ ከብቱ፣ ልጁ፣ ጎረቤቱ" ሳይባል ሲተላለፉ ጉንጫቸው ሊፈነዳ ነበር። አያ ሀሚዱ "የሰው ሞኝ!" ብሎ ሳቀ። ከኮምፕረሰሩ ኋላ የተደበቀች ጀሪካን አየሁ። የሱ ናት።

ውጫሌ ተስማማችኝ።

ጥቅምት 1

እማ ሲቲ አሁን ጀሪካን በሁለት ቀን ይጨርሳሉ። የማመላልሰው እኔ ነኝ። "ውሃው እየጠራኝ ነው፣ ልጄ። በጠጣሁት ቁጥር ይጠራኛል። ለደጉ ሽማግሌ ሰላም በልልኝ።"

ቀን ቀን ይተኛሉ። ያ ሳቃቸው ከተሰማ ስንት ቀኑ? ሌሊት ደጅ ሲመላለሱ የበሩን ሲጥ ሲጥ እሰማለሁ።

እንዲህ ያለ ጥም የት ነው የማውቀው?

ጥቅምት 6

አባቴ ነው። በስኳር የእግሩ ሁለት ጣት ከመቆረጡ በፊት። እንስራው አጠገብ ተቀምጦ ይጠጣ ነበር፣ ይጠጣ ነበር... ጎማ እየለጠፍኩ ድንገት ትዝ አለኝ። መዶሻውን ጥዬ ወደ ቤት።

"እማ ሲቲ፣ የስኳሩን ክኒን ይወስዳሉ?"

የኒዶ ጣሳ አወጡ። ክኒኑ እስከ ግማሽ። "ምን ሊያደርግልኝ? አባ ሸጋውን ያወቅሁ ዕለት ተውኩት። ለሙጂባ እንዳትነግር፣ ትጮህብኛለች።"

"ውሸት ነው" አልኩ። "ሽማግሌ የለም። ሸጋው አህያችን ነው። ተራ ውሃ ነው።"

ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ። "ወይ ኡበይድ! አሁን ደግሞ በዚህ መጣህ?"

"ወላሂ፣ እማ ሲቲ!"

"በአላህ ስም አይቀለድም" አሉና ጀርባዬን መታ መታ አድርገው ብርጭቋቸውን አነሱ።

ማታ ለሙጂባ ነገርኳት። ድንች የምትልጥበትን ቢላ አስቀመጠች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

"ኸመቼ ጀምሮ?"

"ከመስከረም አሥራ ስምንት።"

በጣቷ ቆጠረች። ጣቷ አልበቃትም።

ጥቅምት 7

ሙጂባ ጠዋት ለመነች፣ አለቀሰች፣ ጮኸች። ጤና ጣቢያ አልሄድም አሉ። "የዳንኩ ሰው ምን ልሠራ?" ዓይናቸው ደብዝዟል። እኔ የሆንኩ መስሏቸው ሀውራን "ኡበይድ" ብለው ጠሩ።

ሙጂባ ደጅ ያዘችኝ። "አንተን ነው ያመኑህ። አንተው መልሳቸው።"

"ነገርኳቸው እኮ። ማን ያምነኛል?"

"ይሄ መስከረም ላይ አይታሰብም ነበር?"

ነገ ሸህ አብዱልመናን ቤት ውዳጃ፣ የዱዓ ስብስብ፣ አለ። እማ ሲቲ ስለዳኑ ምስጋና ሊያደርሱ ይሄዳሉ። ሰፈሩ በሙሉ አለ። ሰው ሐጃውን፣ የልቡን ጉዳይ የሚናገረው፣ የተጣላ የሚታረቀው እዚያ ነው። እዚያ ፊት የሚዋሽ የለም...

ሙጂባን "እዚያ እናገራለሁ" አልኳት።

ጥቅምት 8

ከዐሱር ሶላት በኋላ ገባሁ። ቤቱ ጢም ብሏል። እማ ሲቲ በሴቶች በኩል፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ሃይላንዷ ጭናቸው ላይ። ዱዓው ሲያርፍ ተነሳሁ።

"ሐጃ አለኝ። አውፍ በሉኝ፣ ማሩኝ። የተራራው ውሃ ውሸት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ግራ እግሩንም፣ ሰላምታውንም።"

ሳቅ። "ይሄ ልጅ!" አለ አንዱ። አያ ሀሚዱ ከጥግ፣ "ጉራህን ተው አላልኩህም? እኔ ራስ ምታቴ ለቆኛል!"

ሸህ አብዱልመናን እጃቸውን አነሱ። "ልጄ፣ ባለፈው እውነት ነው አልከን። ዛሬ ያ ውሸት ነበር ትለናለህ። የትኛውን ቀን እንመንህ?"

ማስረጃ የለኝም። ምን አለኝ? ስልክ አለኝ። እናቴ ጋ ደወልኩ፣ ድምፁን ለቀቅኩት።

"እማ፣ ሸጋው ደህና ነው?"

"አንተ! ወር ሙሉ ጠፍተህ እኔን ሳይሆን አህያውን ትጠይቃለህ? የሰው በቆሎ በልቶ ታስሮ ውሏል። ምነው? እዚያም አንድ ነገር ሠራህ አይደል? ኡበይድ? አንተ፣ ምን ሠራህ?"

አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ከዚያ ማንም አልሳቀም። ሁሉም ዞረው ወደ እማ ሲቲ አዩ።

ሃይላንዷን ከጭናቸው አንስተው መሬት አስቀመጡ። ቀስ ብለው።

"አህያ ነው ሲመክረኝ የከረመው?" አሉ።

ሙጂባ ደግፋ አነሳቻቸው። በአጠገቤ ሲያልፉ አላዩኝም። እናቴ አሁንም ስልኩ ውስጥ "ሄሎ? ሄሎ?" ትላለች።

ጥቅምት 9

ጤና ጣቢያው ወዲያው ደሴ ላካቸው። የስኳር ማሽኑ ቁጥር አልጽፍ አለ፣ ከልክ አልፎ። መኪናው ላይ ስናወጣቸው እጄን ዘረጋሁ። የሙጂባን ያዙ።

ጥቅምት 11

ግቢው ጭር ብሏል። ሀውራ ጀሪካኗን አምጥታ ደጄ ላይ ገልብጣው ሄደች። እግሬ ራሰ። ትክክል ናት።

ሙጂባ ስልክ አታነሳም።

ጥቅምት 12

ተራራውን ወጣሁ። ካርቶን ላይ በከሰል ጻፍኩ፦ "ውሃ ብቻ ነው። መድኃኒት አይደለም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ኡበይድ።" ድንጋይ ጫንኩበት። አንዲት ሴትዮ ከነልጇ መጣች። አነበብኩላት። ዳገቱን ያን ያህል ወጥታ... "ታዲያ አሁን ምን ልጠጣ?" አለችኝ። ስኳር እንዳለባት ጠየቅኩ። ጉልበቷ ነው። ጀሪካኗን ተሸክሜ እስከ ታች ሸኘኋት።

አያ ሀሚዱ ዛሬም ራሱን አላመመውም። ምን ልበለው?

ጥቅምት 16

ተመለሱ! ከሱቅ በሩጫ ሄድኩ። ሙጂባ በሩ ላይ ቆማ። "ቤቱን ልቀቅ ብላለች እማ። ዛሬውኑ።"

ትክክል ነው አልኩ። ዕቃዬ ምን አለው? ጃኬት፣ ብርድ ልብስ፣ ይህ ደብተር። ጠቅልዬ ወጣሁ። እማ ሲቲ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። አንገቴን ደፍቼ "አውፍ በሉኝ፣ እማ ሲቲ። ልሄድ ነው።"

"ወዴት?"

"ልቀቅ ብለዋል አሉኝ።"

"ማን አለ?"

ዞር አልኩ። ሙጂባ በነጠላዋ አፏን አፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እማ ሲቲም ፊታቸውን መያዝ አቃታቸው። ያ ሳቅ ወጣ! አስፋልት ድረስ!

"ሲደርስብህ እንዴት ነው?" አሉኝ። "እኔ ግን አራት ቀን መርፌ ተሰክቶብኝ ነው የተኛሁት።" ሳቁ ቆመ። "ልጄን አንድያዋን ላስለቅሳት ነበር፣ ባንተ አፍ።"

ማልቀሴን ማንም አይወቅ። ሙጂባ አይታለች ግን።

"ዕቃህን መልስ፣ ሸጋው" አሉ በመጨረሻ። "አንቱታህንም ተወው። እኔን የሚያታልል ሰው ምን አንቱ ይለኛል?"

ኅዳር 4

አሁን ከተማው በሙሉ ሸጋው ነው የሚለኝ። "ጎማው ተነፍቷል" ብል "ሸጋው ይሙት በል!" ይላሉ። ሸጋው ይሙት እላለሁ። ሐይቅ ያለው ምስኪን አህያ ስንቴ ማልኩበት!

ሙጂባ ከደሴ የስኳር መለኪያ ገዝታለች። ጠዋት በጨለማ ስለምትወጣ የሚያነብ ጠፋ። እማ ሲቲ ቁጥር አታውቅም። "ይሄ ያንብብልኝ፣ ሦስት ገጽ ሒሳብ ተምሯል" አለች። እኔን! ሙጂባ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ማሽኑን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ክኒኑን ስትውጥ አያለሁ፣ ጣቷን እወጋለሁ፣ አነባለሁ። እየወረደ ነበር። ትናንት መቶ ሠላሳ። ጨፈረች፣ ቁጭ ብላ።

ዛሬ ሁለት መቶ አርባ።

ዓይኗ ፊቴ ላይ ነው። "ስንት?" ትላለች፣ ሳቋን አዘጋጅታ። ትናንት ሰርግ ነበረች... መቶ ሃያ ብላትስ? ማን ያውቃል? እንዴት ደስ ይላት ነበር። አፌ ተከፍቷል፣ እንደ ድሮው፣ ብቻውን ሊሠራ።

"ሁለት መቶ አርባ" አልኳት።

"አንተ! ቀልድህን ነው።"

"አይደለም።"

"ሲቲ ትሙት በል!"

ሸጋው ቢሆን በቀላሉ በማልኩ። ይሄኛው ከአፌ አልወጣ አለ።

"ሲቲ ትኑር" አልኩ። "ሁለት መቶ አርባ ነው።"

ወደ ጣቷ አየች። "ሰርጉ ላይ ሦስት ሙዝ በልቻለሁ" አለች፣ እንደ ሕፃን።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ሙዝ ነበር። አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። እስከ በሩ ድረስ እየሰደበች ሸኘችኝ። ሱቅ ሄጄ ከአያ ሀሚዱ ጋር ለሁለት በላነው።