ከእሳት አድነው ወጥ ቤት ስላስገቡኝ

ለተከበሩ የብረታ ብረት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፦

እንደምን ሰነበቱ? ሁለቱም እጆችዎ ደህና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ፤ የእኔ አንዱ ደህና ነው።

በቅድሚያ ስለ ደግነትዎ ላመስግንዎ። ብየዳ ተምሬ፣ ፈተናውን አልፌ የተቀጠርኩ ዕለት የበያጅ ጭንብል አናቴ ላይ አስደፍተው፣ ከጎንዎ አቁመው ፎቶ አስነሱኝ። በማግሥቱ ቢሮዎ አስጠርተው «እህቴ፣ ብልጭታው መልክሽን ያበላሸዋል፤ ለጊዜው ወጥ ቤት ሁኚ» አሉኝ። ያቺ «ለጊዜው» እንደ ላስቲክ ስትለጠጥ፣ ያኔ በሆዴ የነበረችው ልጄ ትምህርት ቤት ገባች።

ቅሬታ ማለት ድፍረት ካልሆነብኝ፦

1ኛ. ወጥ ቤትም እሳት እንዳለ የነገረዎ ሰው አለመኖሩ አሳዝኖኛል። የትልቁ ድስት እጀታ መላላቱን ለጥገና ክፍል ደጋግሜ ብናገር ሰሚ አጣሁ። ራሴ ልበይደው ብዬ ብለምን ኃላፊው «ያንቺ ሥራ አይደለም፣ አርፈሽ ሽንኩርትሽን ክተፊ» አለኝ። እኔም አርፌ ከተፍኩ። ባለፈው ክረምት እጀታው ሲነቀል የፈላው ዘይት ግራ እጄ ላይ ተገለበጠ፤ ጣቶቼ ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም።

2ኛ. ጓንትም ሆነ የሕክምና ድጋፍ «አደገኛ ሥራ» ላይ ላሉት ብቻ እንደሚሰጥ በትሕትና ተነገረኝ። ምግብ ማብሰል ለካ ለሴት ተፈጥሮ እንጂ አደጋ አይደለም። አላወቅሁም ነበር፤ ይቅርታ።

3ኛ. ይህ እንኳ ቅሬታ አይደለም። ሥራ ፈትቶ እቤት ተቀምጦ ሳለ ብየዳ ያስተማርኩት ታናሽ ወንድሜ ዛሬ የእርስዎ በያጅ ነው። እሰየው ብያለሁ። ምሳውን በደህናው እጄ የማቀርብለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሳህኑን ተቀብሎ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ይቅር በይኝ እታለም» አለኝ። የሚቀጥለውን ሳህን አነሳሁ፤ ከኋላው ሰልፍ ነበረ።

ወደ ብየዳ ክፍል መልሱኝ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ በማይታጠፍ ጣት የሚበየድ ብረት የለም። መልስም አልጠብቅም። ክቡርነትዎ ሥራ ይበዛብዎታል።

ቸርነትዎን እስከ ዕለተ ሞቷ እጇ ላይ ይዛ የምትዞር፣
የወጥ ቤት ሠራተኛዎ

ማሳሰቢያ፦ በሩ ላይ ያስለጠፉትን አዲስ የበያጆች ቅጥር ማስታወቂያ አነበብኩ፤ «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ይላል። ወጥ ቤቱም ሰው ጎድሎታልና እባክዎ ያበረታቱልን።