የነፋስህ ሒሳብና የአድማሴ ፈረስ

ለወንድሜ ለደርበው ሀብቱ፣

እንዴት ሰነበትህ? አዲስ አበባ ብርዱ እንዴት ያደርግሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ብቆጣም ጤናህን መለመኔን አልተውሁም። እኛ በሕይወት አለን፤ ደኅና ነን ብዬ ግን አልጽፍልህም።

በኅዳር «ከጥሊሊ በሚመጣው መንገድ ዳር፣ ከመንገዱ እየራቃችሁ በማሳው ላይ እንጨት ትከሉልኝ፤ በየእንጨቱ ጫፍም ዘይት የተቀባ ቆርቆሮ እሰሩ» ብለህ ጻፍህ። መኪና የሚያስነሳውን አቧራና ጭስ ነፋስ እስከየት እንደሚበትነው በሒሳብ ቀምረሃል፤ ቆርቆሮው ላይ የሚያርፈው አቧራ ደግሞ ቀመርህ እውነት መሆኑን ያሳይሃል። ባለቤቴ አድማሴም «ለተማረው አማቼ ይህቺ ምን አላት» ብሎ በገመድ እየለካ ተከለልህ።

ዘንድሮ አገሩ «መሬት ሊለካ፣ ግብር ሊጨመር ነው» እያለ ሲታመስ አንተ አልሰማህም? ጎረቤት ገመዱን አይቶ «አድማሴ መሬታችንን ለመንግሥት እየለካ ነው» አለ። ሊያስረዳቸው ቢሞክር «ደግሞ ነፋስ ይለካል?» ብለው ሳቁበት፤ ከሳቁ በኋላ ዱላ አነሡ። ቀኝ ክንዱን ሰበሩት፤ ከእንጨቱም ብዙውን ከነቆርቆሮው ጣሉት። ሲነጋ የፈረሱን ጭራ ከሥሩ ተቆርጦ አገኘነው። ለጥር ጊዮርጊስ በዓል ጓደኞቹ ፈረስ ሲጋልቡ እሱ ጭራ በሌለው ፈረስ መውጣት አፍሮ በር ዘግቶ ዋለ። ለውቂያው ደቦ ብንጠራ የመጣ የለም፤ በሬ የሚያውሰን ጠፍቶ ገብሱን እኔና እምዬ በዱላ ወቃነው።

ክንዱ መሰበሩን ስጽፍልህ ምን መለስህ? «እግዜር ይማረው» ብለህ፣ ወዲያው «የወደቁትን ቆርቆሮዎች ነፋሱ ሳይለወጥ መልሳችሁ አቁሙልኝ» አልህ።  አድማሴ «ምን አለ?» ቢለኝ «በጣም አዝኗል» አልሁት። ባሌን አስዋሸኸኝ!

የተረፈውን እንጨት ነቅዬ አነደድሁት። ሊያስታርቁን የተቀመጡት ሽማግሌዎች ግን «ልኬቱ ለመንግሥት አይደለም» ብላቸው የእኔን ቃል አልተቀበሉም፤ «ያዘዘው ራሱ መጥቶ ይማል» ብለዋል። ስለዚህ ከትምህርት ቤትህ አስፈቅደህ ና፤ በፊታቸው ቁምና ሁሉን በአፍህ ተናገር። ካልመጣህ ከዚህ ወዲያ እህቴ ብለህ አትጻፍልኝ።

እምዬ «ልጄን አትቆጪብኝ» እያለች ታለቅሳለች፤ በናፍቆት ትስምሃለች። ልጄ ውቢት ጉልበትህን ትስማለች። አድማሴም «አይዘን በይልኝ፤ ክንዴ ይጠገናል፤ እሱ ብቻ ትምህርቱን ይጨርስ» ብሎሃል። እንዳለው ጻፍሁልህ።

እህትህ ሽታዬ ሀብቱ
እንጅባራ፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.