በሐምሌ የተቆረጠው ሽመል

ጥር 5፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ዘይነባ ናት። ቃሉ የኔ የሰይድ ነው። አታሳምሪው ብያታለሁ።

ስማ ደብተር። የመብራት ሰዎች ዛሬም መጡ፣ ከጤና ኃላፊው ጋር። ከግድቡ የሚወጣው ሽቦ ባናታችን ያልፋል፤ እኛ በእጅ ባትሪ እንዳበሳለን። አሁን ለጤና ኬላው ሶላር ሊያወጡለት ነው። እነሱ ይተክላሉ፣ ሲበላሽ ይጠግናሉ፤ ጤና ጽሕፈት ቤት ይጠቀማል።

አብራቸው የመጣችው ኢንጂነር የጤና ኬላውን ጣራ ማን ሠራው አለች። እኔ! ከወሎ ለሰፈራ ከመጣን ጀምሮ በዚህ አምባ ከኔ ሌላ ማን ቤት ሠራ። የጣራው ሽመል፣ ቀርከሃው፣ በበጋ ነው የተቆረጠው? ብላ ጠየቀች። የከተማ ልጅ ይህን ታውቃለች!

«በበጋ እንጂ። አንቺንም ጨምሮ ይሸከማል» አልኳት። ሳቁ። ጻፈች።

ውሸቴን ነው። በሐምሌ ነው የቆረጥኩት። የዚያን ጊዜው ባለሥልጣን ለመስከረም ይመረቅ ብሎ አጣደፈኝ። ውሃ የጠገበ ሽመል ነቀዝ ይጨርሰዋል። እያወቅሁ ቆረጥኩ።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ጤና ኬላው ሄድኩ። ኮርኒሱ ሁሉን ሸፍኖታል። ጥግ ጥጉን ግን ቢጫ ብናኝ። ዘበኛው ሙሳ በየቀኑ ይጠርገዋል።

«አባ ሰይድ፣ ጣራው ላይ ወፍጮ ተከሉ እንዴ? ዱቄቱ አላስቀምጥ አለኝ!»

ሰደብኩት። ምን አደረገኝ? ምንም።

ዘይነባ ብዕሯን አስቀምጣ ንገራቸው አለችኝ። ጻፊ እንጂ አትምከሪኝ አልኳት። አኩርፋለች። ታኩርፍ።

ጥር 8፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ

ሶላሩ በመኪና ደረሰ። ከባድ ነው፣ አንዱን ሁለት ሰው ይሸከመዋል። አዋላጇ እንደ ሙሽራ ደስ ብሏታል። እስከ ዛሬ ስልኳን በጥርሷ ነክሳ ነው ያዋለደችው። የክትባቱን ፍሪጅ ቦታ አሳየችኝ። ሶላሩስ የት ላይ ነው የሚያርፈው? አልኳት። እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ልክ ከማዋለጃው አልጋ በላይ።

ኃላፊውን በዘወርዋራ ጠየቅሁት፤ ጣራው ባይመችስ? ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳላ፣ የሚጠብቅ ሞልቷል አለ። ስንት ዓመት ጨለማ ውስጥ ጥለውን አሁን ለመሄድ ይቸኩላሉ!



ጥር 9፣ ቅዳሜ፣ ማለዳ

ዛሬ ጣራው ላይ ይወጣሉ። ሳይወጡ እደርሳለሁ። ኮርኒሱን ቅደዱት እላለሁ። በሐምሌ ቆርጬዋለሁ፣ ዋሽቻችኋለሁ እላለሁ። ከጤና ኬላው ጎን ያለውን የማሽላ መሬቴን ልስጣችሁ፣ ብረት አቁማችሁ እዚያ ትከሉት እላለሁ። እምቢ ብለው ጭነው ከሄዱ አምባው ሙሉ ይረግመኛል። ይርገመኝ። የወለደች ሴት ላይ ጣራ ከሚወርድ።

ዘይነባ፣ በይ አሁን አንብቢልኝ። ዋሽቻችኋለሁ ያልኩበት ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን አትቀንሺ፤ እዚያ ሄጄ ስናገረው እኔም አልቀንስም።